የገብረ ክርስቶስ ተዋናይ በግ

እንስሳውን ከሰው በላይ የሚያሞግስ ሰው የሌለበት አገር የለም። አንዱ በቅሎዬ ነገር ይገባታል ይላል፤ ሌላው ውሻዬ ሰንበትን ለይቶ ያውቃል ብሎ ይምላል፤ ዶሮዬ ሐሜት አትወድም የምትልም ሴት አለች። እንዲህ ያለውን ሰው መሸሽ አይቻልም። ገበያ ብትወጡ እዚያ ነው፤ ልቅሶ ብትደርሱ አጠገባችሁ ይቀመጥና ስለ ሟቹ ሲወራ እሱ ስለ ላሙ ይጀምራል። የቢቸናው አቶ ገብረ ክርስቶስ ግን የሁሉም አለቃ ነበር። ይህን ደግሞ ከሚስቱ ከይርጋነሽ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ገብረ ክርስቶስ ከገበያው በታች ጨው፣ ላምባና ክብሪት የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። አንድ በግም ነበረው፤ ነጭ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ላቱ ሰፊ፣ ሲራመድ ለክብሩ የሚጠነቀቅ የሚመስል ሙክት። ስሙ ሞገስ ነው። ገብረ ክርስቶስ ሞገስን «አንተ» ብሎት አያውቅም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ «ሞገስ ዛሬ ትንሽ ከፍቷቸዋል፤ ቁርስም አልቀመሱ» ይላል። ደንበኛው ስለ አንድ ሽማግሌ የሚወራ መስሎት፣ «እግዜር ይማራቸው» ሲል ይርጋነሽ ከጓዳ ሆና ትቀበላለች፦

«እግዜር ለፋሲካ ያድርሳቸው!»

መድረሱንስ ይደርሱ ነበር። ችግሩ ፋሲካንም አልፈው ይሄዳሉ። በየዓመቱ ይርጋነሽ ቢላዋውን ታስላለች፣ በርበሬውን ታሰናዳለች፤ በየዓመቱ ባሏ ቅዳም ሹር ገበያ ወርዶ ሌላ በግ እየጎተተ ይመጣል።

«ምን ነካህ አንተ ሰው? ይህን የሚያህል ሙክት ደጃችን ቆሞ?»

«ይህ በግ ሰው ነው፤ ቆዳው ብቻ ነው የበግ።»

«እንግዲያው ቆዳውን ለኔ ስጠኝና ሰውየውን አንተ ውሰደው!»

እስከዚህ ድረስ የቤት ጉድ ነበር። አደባባይ ያወጣው ሲኒማ ነው። አንድ ሰሞን የሲኒማ መኪና ቢቸና መጣና ገበያው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ ፊልም አሳየ። በፊልሙ አንድ ፈረስ ጌታውን ከደራሽ ወንዝ ጎትቶ ያወጣል። አገሩ በሙሉ ሰውየው በመትረፉ እልል ሲል፣ ገብረ ክርስቶስ ግን ከፈረሱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ሲያበቃ ወደ ሲኒማው ሰውዬ ሄደና ጠየቀ፦ «ጌታው፣ ለመሆኑ ይህ ፈረስ ደመወዝ አለው?»

ሰውየው ደክሞት ነበር። «ከሰውየው ይበልጣል» ብሎት ዕቃውን መሸከፍ ያዘ።

አለቀ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞገስ ሙክትነቱ ቀረና ሥራ ፈላጊ ሆነ። ገብረ ክርስቶስ በየቀኑ ፀጉሩን ያበጥርለታል፣ ሰኮናውን ይወለውልለታል፣ «ቀና ይበሉ እንጂ!» እያለ አረማመድ ያስተምረዋል። ሞጣ ትምህርት ቤት ለገና የልደትን ቴአትር ሊያሳይ ነው ሲባል ሰማና በጉን ይዞ በጭነት መኪና ሊሳፈር ሄደ። ሾፌሩ በጉን ከላይ ከጆንያው ጋር ሊጭነው ሲል፣ «ኧረ በእግዚአብሔር! አቧራው ድምፃቸውን ይዘጋባቸዋል» ብሎ ለመነ። ሾፌሩም ሊያሾፍበት፣ «እንግዲያው እሳቸው ጋቢና ይግቡ፣ እርስዎ ከላይ ይውጡ» ቢለው፣ ገብረ ክርስቶስ አመስግኖ ወጣ። ሞጣ ሲገባ ሰውየው አፈር መስሎ፣ በጉ በመስኮት አገር እያየ ነበር። ቴአትሩን የሚያሰናዱት ግን በጉን ከካርቶን ሠርተው ቀለም ቀብተው ጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ገብረ ክርስቶስ የሞጣ ሰው ሱቁ በመጣ ቁጥር፣ «ሞጣ እንኳ ካርቶን ነው የሚወድ» ማለቱን አልተወም።

ሐዘኑ ሳይወጣለት መምህር ሣህለ ማርያም መጣ። ከሐረር ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ ለወላጆች ቀን የአብርሃምን መሥዋዕት በቴአትር ሊያሳይ ተነሥቷል። ላምባ ሊገዛ ሱቁ ገባና ሳያስበው፣ «ሁሉ ነገር ተሟልቶልኝ በግ ብቻ ቸገረኝ» አለ። ይርጋነሽ ከጓዳ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ምስኪን ልጅ ምን አፉ ላይ ጣለበት!

በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ሞገስ ቀንዱ የሚያዝበትን ቁጥቋጦ በላው። በማግስቱም ሌላ ተተከለ፤ እሱንም በላው።

«ጋሽ ገብረ ክርስቶስ፣ በጉ ዕፀ ሳቤቁን ጨረሰው እኮ!»

«ታዲያ ተዋናይ ሳይበላ ይሠራል እንዴ መምህር? ደግሞ ያለኔ መድረክ አይወጡም፤ ዓይን አፋር ናቸው።»

መምህሩ መላ አጣና መልአኩ በጉን እየመራ እንዲመጣ፣ መልአኩም ገብረ ክርስቶስ እንዲሆን ወሰነ። ይርጋነሽ ባሏ ሪዙን እያሻሸ በነጭ ነጠላ ክንፍ ሲሠራ ባየች ጊዜ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ደጅ ወጣች።

ሳቋ የቆመው በዓሉን የሚያከብሩት ደጃዝማች ከደብረ ማርቆስ እንደሚመጡ በተነገረ ዕለት ነው። ቢቸና ውስጥ ጉዳይ ያለው ሁሉ ጉዳዩን ማሰናዳት ጀመረ። ይርጋነሽም ጉዳይ ነበራት። ጎረቤታቸው ፋንታ በየክረምቱ አጥሩን ገፋ እያደረገ የጓሮዋን እኩሌታ ከነጎመኑ ወስዶባታል፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ቀጠሮ ሲያሻግር ዓመት ዓመትን ይወልዳል። ከደጃዝማቹ አፍ አንዲት ቃል ብትወጣ ፋንታ አጥሩን በገዛ እጁ ነቅሎ ይመልስ ነበር። ግን ባዶ እጁን ደጃዝማች ፊት የሚቀርብ ማን አለ?

«ስማኝማ፣ ሞገስን እጅ መንሻ ሰጥተን አጥራችንን ብናስመልስስ?»

ገብረ ክርስቶስ እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ። ለቀናትም አኮረፋት።

የበዓሉ ዕለት የትምህርት ቤቱ ሜዳ በሰው ተሞላ። ደጃዝማቹ በዳሱ ሥር ምንጣፍ ላይ በቀረበላቸው ወንበር ተቀምጠዋል፤ ይርጋነሽ ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊት ነች። አብርሃም በጥጥ ጢሙ መጣ፣ ይስሐቅም ተጋደመ። የእንጨቱ ቢላዋ ከፍ ሲል መልአኩ ብቅ አለ፤ ሞገስ ታጥቦ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሮለት፣ እየተጀነነ ይከተላል። ምን ዋጋ አለው! ገብረ ክርስቶስ ጨዋ ሰው ነው። ደጃዝማች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው እያየ ቀጥ ብሎ ማለፉን ከየት ያምጣው? መልአክነቱን ረሳና ነጠላውን አደግድጎ፣ የበጉን ገመድ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

ያጌጠ ሙክት እየጎተተ መጥቶ ጎንበስ ያለ ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ለደጃዝማች አይነገርም። «እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉና ወደ አሽከራቸው ዞር አሉ። አሽከሩም ገመዱን ተቀብሎ ሞገስን ይዞት ሄደ። ሕዝቡ አጨበጨበ። መድረኩ ላይ የቀረው አብርሃም ቢላዋውን እንዳነሣ መምህሩ ወዳለበት መጋረጃ ዞረ።

«ጋሼ፣ ታዲያ አሁን ማንን ልረድ?»

ይስሐቅ ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ ሮጠ። አገር በሳቅ ፈረሰ፤ ይርጋነሽ ግን አልሳቀችም። ባሏ ባዶ እጁን ዘርግቶ፣ የነጠላ ክንፉ ወደ አንድ ጎን ወርዶ፣ ገመዱ የሄደበትን እያየ ቆሟል። አንጀቷን በላው።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ሥጋ ይበላል፤ ከዳሱ ጓሮም እሳት ተቀጣጥሏል። መምህር ሣህለ ማርያም ወደ ደጃዝማቹ ሁለቴ ተራምዶ ሁለቴ ተመለሰ። ለትልቅ ሰው የተቀበሉት ስጦታ ስጦታ አይደለም፣ ቴአትር ነው ብሎ የሚናገር አንደበት ከየት ይመጣል? በዚህ መሐል ከዳሱ ድምፅ መጣ፦ «ያ ባለ በግ ይቅረብ!»

ገብረ ክርስቶስ ቀረበ። ይርጋነሽም ተከተለች።

«መልካም ሙክት ነው» አሉ ደጃዝማቹ። «እንዲህ ያለ በግ ያለ ጉዳይ አይመጣም። በል ተናገር፤ ጉዳይህ ምንድን ነው? ዛሬውኑ ይፈጸምልሃል።»

ይርጋነሽ ልቧ ዘለለ። አጥሩ! ዓመታት ሙሉ ወጥ ስታማስል፣ ልብስ ስታጥብ ለብቻዋ ስትለማመደው የኖረችው ንግግር አፏ ላይ ደረሰ። ፋንታ ራሱ እዚያው ቆሟል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል። ባሏ ደግሞ አፉን ይከፍታል፣ ቃል ግን አይወጣውም። ከጓሮ ቢላዋ ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ ይሰማል። ከዚያ ሞገስ ጮኸ። ገብረ ክርስቶስ ዓይኑን ጨፈነና እንባው ሪዙ ላይ ወረደ።

«ጉዳያችን በጉ ነው ጌታዬ» አለች ይርጋነሽ።

«በጉንማ ተቀበልን።»

«እሱን ነው የምንለምንዎ። ይመልሱልን።»

አሽከሮቹ ተያዩ፤ መምህሩ ወደ መጋረጃው ጀርባ ሸሸ። ደጃዝማቹ ቅንድባቸውን አነሡ።

«ካለሽ ነገር ሁሉ አንድ በግ መስጠት ነው የከበደሽ?»

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው እንስሳ ካልሆነ የሚያጫውተው የለውም። ጠዋት ሲነሣ ከኔ በፊት እሱን ነው እንዴት አደሩ የሚለው። ስቀንበት አልቻልነውም፣ ሰድበነውም አልቻልነውም። በጉ ከታረደ ባሌ እህል አይገባለትም።» ወደ ባሏ ዞር አለች። «እኔም… እኔም ለምጄዋለሁ።»

ገብረ ክርስቶስ ዓይኑን ገልጦ ሚስቱን አያት። እንዲህ ብላ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም።

ደጃዝማቹ ባልና ሚስቱን በየተራ አዩ። ከዚያ ሆዳቸው እየተናወጠ ሳቁ። «የተቀበልኩትን መልሼ ሰጠሁ ብል ያሳፍረኛል» አሉ። «ስለዚህ ሸልሜሃለሁ። በጉን ከነጥብጣቡ አምጡለት!»

ገብረ ክርስቶስ መሬት ስሞ ተነሣ። ሞገስ ሲመጣ አንገቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰበት፤ በጉም የክንፉን ጫፍ ማኘክ ጀመረ። ሕዝቡ ለሁለተኛ ጊዜ አጨበጨበ፤ መምህሩም ከጀርባ ብቅ ብሎ አብሮ አጨበጨበ። ይርጋነሽ ሳር ላይ ቁጭ አለች፤ «ተመስገን» አለች፣ ደግማ «ተመስገን»። የተቆለፈ ነገር ከደረቷ የወጣ ያህል ቀለላት። ደጃዝማች የሸለሙት በግ እንደማይታረድ ገባት፤ እስኪያረጅ ድረስ ፋሲካን ሁሉ ደጇ ቆሞ ሊያሳልፍ ነው። ይሁን፤ ያሳልፍ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ገመዱን የያዘችው እሷ ነበረች። ገብረ ክርስቶስ ክንፉን በብብቱ ይዞ ጎን ለጎን ሲሄድ ቆይቶ ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት፦

«ይርጌ፣ ደጃዝማቹ እኮ ማንኛውንም ጉዳይ ነው ያሉት። የአጥሩን ነገር ለምን አላነሣሽም?»

«አይ አንተ» አለች፣ ሞገስን ወደ ራሷ ሳብ እያደረገች። «አጥር አይታረድም።»