ሊቀ ካልሲየም ምሥጋናው

በየሰፈሩ አንድ ነገር ብቻ አውቆ በዚያችው ዓለምን ሁሉ የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። አንዱ ዘንድ የሁሉ ነገር ምክንያት ጨጓራ ነው፤ ሌላው ዘንድ ፖለቲካ ነው፤ ሌላው ዘንድ የሰው ዓይን ነው። ለላሊበላ የደረሳት ካልሲየም ነው። ይዞባት የመጣውም ከጋሸና ተመድቦ የመጣው የባዮሎጂ አስተማሪ ምሥጋናው ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ረጅም። ሰፈሩ “ሊቀ ካልሲየም” ይለዋል። ማዕረጉን ያወጣለት አስጎብኚው ደሳለ ሲሆን፣ ለማክበር ብሎ እንዳላወጣው ሁሉም ያውቃል።

ደሳለ ይቀናበት ነበር። ነገሩን ማለሳለስ አያስፈልግም፤ እህል ከአፍ የሚያስመልስ ቅናት ነው የቀናው።

መጀመሪያ የቀናው በጨዋታው ነው። ሊቀ ካልሲየም እስኪመጣ ድረስ በከተማው ጨዋታ አዋቂ የሚባለው ደሳለ ነበር። አንድ ቅዳሜ እንግዶች ይዞ ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ፣ አስተማሪው “እግሬን ላፍታታ” ብሎ ተከተላቸው። ዳገቱ እኩሌታ ላይ አንዱን ወፍራም እንግዳ ባቱን ጨምድዶ ያዘው። ደሳለ ገና “አይዞህ” ሳይል ሊቀ ካልሲየም ከሰውየው ፊት ቁጢጥ አለ።

“እስቲ ወደ ሕዋሱ እንግባ” አለ። የዘወትር መክፈቻው ናት። “ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ከጓዳው ሲለቀቅ ነው። የሚላላው ደግሞ ያው ካልሲየም ተለቃቅሞ ወደ ጓዳው ሲመለስ ነው። ያንተው አልመለስም ብሎ ነው፤ ትንሽ ታገሠው።”

ይህንኑ በእንግሊዝኛ ደገመለት። እንግዳው ሳቀ፤ ባቱም ተፈታ። ደሳለ እስከ ዛሬ ድረስ ዝም ቢባልም ይፈታ ነበር ይላል። እንግዳው ከሊቀ ካልሲየም ጋር ፎቶ ልነሣ አለ፤ ካሜራውንም ለደሳለ ሰጠው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ማኅበር ላይ ነው። ጋሽ ደግሰው፣ የአስተማሪው አከራይ፣ “ካልሲየም ማለት ይኸ ለአጥንት የሚሉት አይደለም እንዴ?” ብለው ጠየቁ።

“አጥንትማ መጋዘኑ ነው፣ ጋሽ ደግሰው። ሥራው ያለው ሕዋሱ ውስጥ ነው። ሕዋስ ካልሲየሙን ያለ ዕረፍት ጠራርጎ ወደ ውጭ ያስወጣዋል፣ የቀረውንም ጓዳ ይቆልፍበታል። ለምን ቢሉ፣ ኮሽታ የሚሰማው ጸጥ ባለ ቤት ነው። ቤቱ ጸጥ ካለ ትንሽ ካልሲየም ገባ ሲል ሕዋሱ በሙሉ ይሰማል። ልብም የምትመታው በሱ ነው፤ ገባ ሲል ትኮማተራለች፣ ወጣ ሲል ትላላለች።”

ታዳሚው በአንድነት ራሱን ነቀነቀ። ደሳለ ግን ይህችን እንደ ስድብ ቆጠራት። ምክንያቱም የእሱ ልብ የምትመታው በካልሲየም ሳይሆን በሰብሌ ነበር። ሰብሌ የጋሽ ደግሰው ልጅ ናት፤ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ሊቀ ካልሲየም ደግሞ እንደምንም ብሎ፣ ከከተማው ቤት ሁሉ መርጦ፣ የተከራየው እሷ የምትኖርበትን ግቢ ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ደሳለ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹን የመሩት አያ ጋሻዬ ነበሩ። እንደ ወጉ ደጅ ቆሙ፣ “ግቡ” እስኪባሉ ጠበቁ፣ ገብተውም ቁጭ በሉ ቢባሉ “ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም” አሉ። ጋሽ ደግሰው አዳምጠው ሲያበቁ፣ “አስጎብኚ ነው የምትሉኝ? ዛሬ እዚህ አለ፣ ነገ ፈረንጅ ተከትሎ ይሄዳል። ለማንኛውም እንምከርበት፤ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ” ብለው ሸኟቸው።

ደሳለ ያን ሁዳዴ ከምግብ ብቻ ሳይሆን ከሰላምም ጾመ። በሄደ በመጣ ቁጥር መንገዱ በጋሽ ደግሰው የካብ አጥር በኩል ሆነ፤ ገበያም ቢሄድ በዚያ፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሄድ በዚያ። ጋሽ ደግሰው፣ ሰብሌና ተከራዩ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ሲሰማ ካቡ ሥር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ የሊቀ ካልሲየም ድምፅ መጣ።

“የመጀመሪያው መልእክተኛ እኮ ደጅ የሚቀር ነው፣ ጋሽ ደግሰው። በር ያንኳኳል እንጂ አይገባም። ነገሩን ከውስጥ የሚጨርሰው ሁለተኛው መልእክተኛ ነው።”

“ሁለተኛውሳ ከየት ይመጣል?”

“ከየትም አይመጣም። ቀድሞውንም ቤት ውስጥ ያለ ነው።”

ሰብሌ ከት ብላ ሳቀች።

ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ሊያስብ ኖሯል? ያለ መልስ ወደ ደጅ የተመለሱት አያ ጋሻዬ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለው ተከራዩ ነው። የሳቀችው ደግሞ ሰብሌ ናት። ደሳለ ካቡን ተደግፎ ቆመ።

በማግስቱ አስተማሪውን ከትምህርት ቤት ሲወጣ ጠብቆ መንገድ ላይ ያዘው።

“ሁለተኛው መልእክተኛ ማን ነው?” አለው።

የሊቀ ካልሲየም ፊት በራ። ደሳለ በሕይወቱ ጥያቄ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነበር።

“ካልሲየም ነዋ! የውጭውን መልእክት ሕዋሱ ውስጥ የሚያደርሰው። ሌሎችም አሉ፣ ግን እስቲ ወደ ሕዋሱ እን...”

“አንገባም!” አለ ደሳለ። “አንተ ነህ መውጣት ያለብህ! ከዚያ ግቢ ውጣ። ከተማው ሙሉ ቤት ሞልቷል።”

ሊቀ ካልሲየም በአጭሩ መለሰ፤ ይህም እንግዳ ነገር ነበር። “ብወጣ የምትጎዳው አንተ ነህ” አለውና መንገዱን ቀጠለ። ደሳለ ይህችን እንደ ዛቻ ወሰዳት። ፋሲካን በጥሉላት ሳይሆን በንዴት ገደፈ።

ከፋሲካ በኋላ አያ ጋሻዬ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ደሳለ እሳቸው ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። የገዛ ልቡን ምት እየሰማ “አሁን ይህም ካልሲየም ነው ይለኝ ነበር” ብሎ በዚያ ሰዓት እንኳ በሰውየው ተናደደ። አያ ጋሻዬ ሲገቡ እየሳቁ ነበር።

“ተፈቀደልህ” አሉት።

“ምን አሉ?”

“ደግሰው ያለውን ልንገርህ። ‘ይኸ ተከራዬ ሁዳዴን ሙሉ መድረሻ አሳጣኝ። ጠዋት ደሳለ፣ ማታ ደሳለ። ሽማግሌው ወደ ደጅ ቢመለስም ከውስጥ ሆኜ መልእክቱን የማደርስ እኔ አለሁ፣ እንደ ካልሲየም ቁጠሩኝ አለኝ። ፈረንጅ ተከትሎ ይሄዳል ብለው፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ሲያስር ካብ ሥር የሚውል ሰው የት ይሄዳል አለኝ። በዚህ ረታኝ።’ ይኸው ነው ያለው።”

ደሳለ እግሩን አየ። ጫማው ያው ጫማ ነበር። ካብ ሥር ሲያጎነብስ ሁሉም ሲያየው ኖሯል ማለት ነው፣ ሰብሌም ጭምር፤ ያን ዕለት ከት ብላ የሳቀችውም በዚሁ ነበር። አፈረ፤ ከሐፍረቱም ይልቅ ደስ አለው። ሮጦ ሄዶ ከአስተማሪው አንገት ላይ ተጠመጠመ። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሆን ቃል ስላጣም “እስቲ ወደ ሕዋሱ እንግባ” አለው። ገቡ። ሲወጡ መሽቶ ነበር።

ሊቀ ካልሲየም በሠርጉ ሚዜ ሆነ። ከሙሽራው ይልቅ የሚዜውን ወሬ ለመስማት የተሰበሰበው ሰው በዝቶ ደሳለ ትንሽ ቀና፤ ይህ ግን ከሠርጉ ጋር የሚጠፋ ቅናት ነበር። የማይጠፋው በኋላ መጣ። አስተማሪው ዝውውር ደርሶት ወደ አገሩ ወደ ጋሸና ተመለሰ።

በቅርቡ ደሳለ እንግዶች ሊቀበል ሲሄድ ጋሸና ምሳ ቤት ገባ። አስተናጋጇ ከአንድ ሾፌር ጋር እያወራች ነበር። “ደስ የሚል አስተማሪ መጥቶልናል” ትላለች፤ “ወጡን ባየ ቁጥር ‘እስቲ ወደ ሕዋሱ እንግባ’ ነው የሚል።”

“እሱ የኛ ነው” አለ ደሳለ ከወዲያኛው ጠረጴዛ።

“አይ፣ አሁንማ የኛ ነው” አለችው እየሳቀች።

ምሳው አልበላ አለው። ቤቱ ሲገባ ሰብሌ ፊቱን አይታ “ምነው፣ ምን ሆነሃል?” አለችው።

ደሳለ ደረቱን ያዘ።

“ምንም አይደለም” አላት። “ካልሲየም ነው።”