ሊቀ ጠርጣሪዎች ወርቅነህና የአጥንቱ ከሰል

ዳኛ የሌለው ቀበሌ ይገኝ ይሆናል፤ ጠርጣሪ የሌለው ግን ከቶ አይገኝም። ሌላው አገር ተራ ጠርጣሪ ሲኖረው፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ብላ ያለችው የመምህርት አስካለ ቀበሌ ሊቀ ጠርጣሪዎች አላት፤ ጋሽ ወርቅነህ። ገበያ ወጥተው እንቁላል ሲገዙ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ማየት አይበቃቸውም፤ የጣለችው ዶሮ የማን እንደሆነች ይጠይቃሉ። ዝናቡ በሰዓቱ ሲጥል እንኳ ሰማዩን ቀና ብለው አይተው “ዘንድሮ ምን አስቦልን ነው?” ይላሉ። ለሁሉም ነገር መልሳቸው አንድ ነው፦ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ።”

አስካለ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። የትምህርት ቤቷ ጉድጓድ ውሃ ዝገት መስሎ፣ ሽታው ከብዶ፣ ተማሪዎቹ እሱን ትተው ከወንዝ እየጠጡ ይታመማሉ። አጥንት በተዘጋ በርሜል፣ አየር ሳያገኝ ከከሰለ በኋላ ተወቅጦ ቢታጠብ የውሃን ቀለምና ሽታ ይዞ እንደሚያስቀር ታውቃለች። እናም ከፋሲካ ቅርጫ የተረፈ አጥንት ከየቤቱ ትለምን ጀመር። ሦስተኛው ቤት የጋሽ ወርቅነህ ነበር።

“አጥንት? ለምንሽ?”

“ለውሃ ማጣሪያ፣ ጋሼ።”

“አጥንት ሲለምን የማውቀው ውሻ ነው። አስተማሪ ሲለምን ዛሬ አየሁ።”

በማግስቱ ወሬው ቀበሌውን አዳረሰ፦ ከአጥንቱ መሀል የአህያ ቢኖርበትስ? አንዴ “የአህያ” ከተባለ ደግሞ አለቀ፤ በዚያ ያለፈ ውሃ የሚጠጣ የለም። አስካለ ለማስረዳት ስትነሳ ጋሽ ወርቅነህ በርጩማቸውን ይዘው መጡና ከበርሜሉ ፊት ተቀመጡ። አጥንቱን አንድ ባንድ እያነሱ መረመሩ።

“ይቺ የቅርጫችን በሬ ናት፤ አውቃታለሁ። ይቺ የበግ ናት። ይቺስ? ይቺ ተጠርጥራለች፤ ትውጣ።”

አስካለ ጥርሷን ነክሳ አወጣች። እሳቱ ከነደደ በኋላም ጋሽ ወርቅነህ አልተዉአትም።

“መምህር፣ ክዳኑ ይተነፍሳል።”

“ምንም አይደል፣ ጋሼ።”

የሙከራው ዕለት ወላጆች ተሰበሰቡ። አስካለ ውሃ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርጋ በከሰሉ ላይ አፈሰሰች። ከታች የወጣውም ሰማያዊ ነበር። ሰው አጉረመረመ፤ አንዲት እናት ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ጋሽ ወርቅነህ ብድግ አሉና ከሰሉን በእፍኛቸው ዘገኑት።

“ግማሹ ነጭ ነው። ከሰል የማውቀው ጥቁር ሆኖ ነው። ልጄ፣ የጠላ ጋን እንኳ ይመረጋል! የተነፈሰ ክዳን አምነሽ አጥንቱን አመድ አደረግሽው።”

አስካለ ተናደደች፤ የበለጠ ግን አፈረች። ነጩን አይታው ነበር። እንዲበዛላት ብላ ከጥቁሩ ጋር የቀላቀለችው ራሷ ናት።

ሁለተኛው ዙር አጥንት ሲከሰል ጋሽ ወርቅነህ ራሳቸው ጭቃ በጭድ አቡክተው ክዳኑን መረጉት። ከሰሉ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሰማያዊው ውሃ ገብቶ ኩልል ብሎ ወረደ። ቀጥሎ የጉድጓዱ ውሃ ተጣርቶ፣ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ ቀረበ። ማንም አልተነቃነቀም። ዓይን ሁሉ ጋሽ ወርቅነህ ላይ ነበር።

“አስተማሪዋ ትቅደም” አሉ።

አስካለ ጠጣች። ትወድቅ እንደሆነ ጠበቁ፤ አልወደቀችም። እሳቸውም ተጎነጩና አጣጣሙት።

“እህስ፣ ጋሼ?”

“ምንም ምንም አይልም” አሉ ቅር እያላቸው። “ጥርጣሬዬ እንዳለ ነው። ድገሚኝ።”

እሳቸው ከደገሙ ማን ይቀራል? ሰው ሁሉ ጠጣ።

ዘንድሮ አስካለ ለዚያው ሥራ ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተጠራች። እዚያ ገና ሳትጀምር አጨበጨቡላት። የምን አጥንት ነው ያለ የለም፤ ክዳኑን ዞር ብሎ ያየ የለም። አስካለ ፈራች። ስልኳን አወጣች።

“ጋሼ፣ ነገ በመጀመሪያው መኪና ይምጡልኝ።”

“ምን ሆነሽ?”

“እዚህ ሁሉም ያምነኛል። ይምጡና ይጠርጥሩልኝ።”



“መጀመሪያ ነገር፣” አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ “አስካለ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?”

ስልኩም ተዘጋ። በማግስቱ ከሰዓት ግን አስካለ መናኸሪያው በር ላይ በርጩማቸውን ታቅፈው፣ ያመጣቸውን ሾፌር ከላይ እስከ ታች እየገላመጡ አገኘቻቸው። የገዛ አባቷን ያየች ያህል ደስ አላት።