የጎረቤቴን ልጅ በፎቶ የዳርኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ ገመናዬን ላውጣ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

አንዲት ጨዋ ልጅ በእኔ ምክንያት ሳታገባ ልትቀር ነበር!

በምን? በአንድ ፎቶ። ያውም በነጻ ባነሳሁት።

ጊዜው በፈረንጅ ሰማንያ ስድስት ገደማ ነው። ከጎንደር ገጠር መጥተን እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ከገባን ሁለት ዓመት አልሞላንም። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ፕላስቲክ ፋብሪካ የጠዋት ሽፍት እሠራለሁ። ዕብራይስጥ በተማርንበት ኡልፓን ከሰዓት በኋላ የፎቶ ኮርስ ነበር። ሦስት ወር ተማርኩና አንድ አሮጌ ካሜራ ከነፍላሹ ገዛሁ።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለኝ!

ሰርግ አለ? እኔ አለሁ። ግዝረት አለ? አለሁ። ያልተጠራሁበት ሁሉ እሄድ ነበር። የምጠይቀው ነገር የለም፤ "እግዜር ይስጥህ" ይሉኛል፣ ምሳ ያበሉኛል፣ አለቀ። ፎቶው የት ይውላል፣ ማን ያየዋል፣ ብሎ ያነሳም የጠየቀም የለም። በነጻ ለሰጠሁት ነገር ምን ውል ያስፈልገኛል ብዬ ነበር የማስበው።

አያችሁ፣ ጅልነት እንዲህ ነው የሚጀምረው።

አንድ ቀን በምንኖርበት ላይኛው ሰፈር፣ አፉላ ኢሊት፣ እኛ ሕንጻ ውስጥ ሰርግ ሆነ። አዳራሽ አልተከራየንም፤ ከሕንጻው ሥር ያለውን የቦምብ መጠለያ ጠራርገን ጨፈርንበት። ሙሽሮቹን አነሳሁ፣ ዘመድ አዝማዱን አነሳሁ። ከሁሉ ልቤን የወሰደችው ግን አንዲት ፎቶ ናት። የጎረቤታችን የአያ ደሴ ልጅ፣ ትርንጎ ልበላት፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከአክስቷ ልጅ ከአድማሱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይስቃሉ። አድማሱ የተዋሰውን ሱፍ ከነክራባቱ ግጥም አድርጓል።

እውነተኛዋ ሙሽራስ? ከፎቶው ጠርዝ ላይ ክርኗ ብቻ ይታያል።

ፊልሙን አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ወዳለ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ባለቤቱ ከሮማንያ የመጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል ደግ ሽማግሌ ነው። ትርንጎን ሲያይ መነጽሩን አወረደ። ይህችን አሳድጌ ልሥራትና መስኮቴ ላይ ላድርጋት ወይ አለኝ። ለምን ያህል ጊዜ ላቆያት ብሎም ጠየቀኝ።

እስከፈለግህ ድረስ! አልኩት። ሰውየውን እንኳ አላስጨረስኩትም።

ትርንጎን ጠየቅኳት? አልጠየቅኳትም። አባቷን? የለም። አድማሱን? እሱ ቢሰማ ራሱ መስኮቱ ውስጥ ገብቶ ይቆም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፎቶዋ የጋዜጣ ገጽ አክላ ወጣች። ሰውየው የሰርግ ፎቶ ሁሉ እንደሚያደርገው ወርቃማ ፍሬም ውስጥ አስገብቷታል። ፍሬሙ ሥር በዕብራይስጥ "ማዛል ቶቭ ለሙሽሮቹ" የሚል አለ፤ ሙሽሮች እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ነው።

አንብቤዋለሁ። አዎ፣ አንብቤዋለሁ! ግን ከእኛ ሰው ማን ያነበዋል ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ከሥራ ስመለስ በየቀኑ መንገዴን አዙሬ ቆሜ አያት ነበር። የማየው እሷን አይደለም፤ የራሴን ጉብዝና ነው።

አሁን ጉዱ ይምጣ።

በሳምንቱ አያ ደሴ ጠሩኝ። ትርንጎን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከአሽቀሎን ይመጣሉ፤ ከተማውን ስለምታውቀው ከጣቢያ ተቀብለህ አምጣልኝ አሉኝ። ትርንጎ ልጁን መጀመሪያ ካረፈችበት የአዲስ ገቢዎች ማዕከል ታውቀዋለች፣ ትወደዋለችም። እናቷ ስንመጣ መንገድ ላይ ሱዳን ከሞተች ወዲህ ያ ቤት ደስታ የሚባል ነገር አላየም ነበር። አያ ደሴ ለዕለቱ ብለው ነጭ ሸሚዛቸውን ሁለት ጊዜ አስተኩሰዋል።

ጣቢያ ደረስኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደለበሱ ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ከኋላቸው ልጁ ራሱ። በደንቡ አግቢው አብሮ አይመጣም። ግን ከሦስቱ አንድም የአውቶቡስ ቁጥር የሚያነብ የለም፤ ስለዚህ ደጅ ድረስ አድርሷቸው ውጭ ሊጠብቅ ይዘውት መጡ።

ወደ አፉላ ኢሊት የሚወጣው አውቶቡስ ፊታችን ቆሟል። ገብቶ መሄድ ነበር።

እኔ ግን ምን አደረግኩ?

"ትንሽ ወዲህ በሉ፣ የእጄን ሥራ ላሳያችሁ።"

በገዛ አፌ! መርቼ ወስጄ አራቱንም መስኮቱ ፊት ገተርኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ትርንጎን በመልክ አያውቋትም፤ ደስ የምትል ልጅ ናት ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ ግን ከፎቶው ወደ ጽሑፉ ወረደ። አንዴ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ምን ይላል አሉት ትልቁ ሽማግሌ፣ አያ ተገኘ።

"ሙሽሮች ናቸው ይላል" አለ። ድምፁ በደንብ አይሰማም። "ትርንጎ እኮ ናት፣ አያ።"

አያ ተገኘ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣችሁን የተዳረች ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይ?"

ከዘራቸውን አነሱና ወደ ጣቢያው ተመለሱ። ሦስቱም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የአሽቀሎንን አውቶቡስ ይጠብቁ ጀመር።

እኔ ፊታቸው እየተመላለስኩ እምላለሁ። አላገባችም እላለሁ፣ ዘመዷ ነው እላለሁ፣ ጽሑፉ የባለ ሱቁ ነው እላለሁ። ማን ሊያምነኝ? የልጅቷ ቤት መልእክተኛ አይደለሁ! ልጁ ጀርባውን ሰጥቶን የአውቶቡስ ሰሌዳ ያነባል፤ ያውም ወደ አሽቀሎን የማይሄደውን። አጠገባችን ወታደሮች ቦርሳቸው ላይ ተቀምጠው ሳንድዊች ይበላሉ። አያ ደሴ ያንን ሸሚዝ ለብሰው በረንዳ ላይ ቆመው ታዩኝ። እንባዬ መጣ፣ ምን እደብቃችኋለሁ።

ይሄኔ አያ ተገኘ፣ ዘመዷ ነው ያልከው የማን ልጅ ነው አሉኝ።

የአባቱን ስም ነገርኳቸው። እናቱስ አሉ። እናቱ የትርንጎ እናት ታናሽ እኅት ናት አልኩ። አያታቸውስ? የአያታቸውንም ነገርኳቸው። ሦስቱ ተያዩ።

መቼም በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ እንደሌለ ታውቃላችሁ። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ለልጃቸው ሲሉ የትርንጎን ዘር በአባትም በእናትም ቆጥረው ጨርሰው ነው የመጡት። ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። አያ ተገኘ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ፤ ከአድማሱ ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ አያቱ። ሁለተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"በሁለት ቤት ተገናኙ" አሉ። "እንዲህ ያለ ጋብቻ በእኛ ዘንድ የለም። ጽሑፉ ውሸቱን ነው።"

የእኔ ያ ሁሉ መሐላ ያላስረዳውን ሁለት ጣት አስረዳ!

ልጁ ከሰሌዳው ዞረ፤ ሲተነፍስ ሰማሁት። እኔ ደግሞ ከአንዱ ወታደር አጠገብ ቦርሳው ላይ ዘፍ አልኩ።

ግን አልማሩኝም።

ቤት ገብተው እንደተቀመጡ፣ ገና ልጅቷን ሳይጠይቁ፣ አያ ተገኘ በመጀመሪያ የዚህ ልጅ ነገር ይታይ አሉ። ተነስቼ ቆምኩ። አያ ደሴ ሁሉንም ሰሙ፣ ከወንበራቸው ተነሱ፣ መልሰው ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ከእንግዲህ የሰው ፎቶ ቤተሰቡ ሳይጠየቅ ለሱቅም ሆነ ለጋዜጣ አይሰጥም። የት እንደሚሰቀልና መቼ እንደሚወርድ አስቀድሞ ይቆረጣል፤ ከሥሩ የሚጻፈውም ይነገራል። በነጻ ነው ያነሳሁት ማለት አያድንም። ዋስ ጥራ አሉኝ፤ አጎቴን ጠራሁ።

እናንተ የምስል መብት በኮርስ ትማሩት ይሆናል። እኔ በሦስት ጋቢ ፊት ቆሜ ተማርኩት!

ያለቀ መሰለን። ትርንጎ ግን ከወጥ ቤት ብቅ አለች፤ አንገቷን ደፍታለች፣ ድምጿ ግን ቀጥ ያለ ነው።

"ይቅር በሉኝ አባቶቼ። ባለ ሱቁ እሱን ጠየቀው። እናንተ ደግሞ ቤተሰቡን ጠይቅ አላችሁት። ፊቱ የኔ ነው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።"

በዚያ ዘመን ልጅ በሽማግሌ መሃል እንዲህ አይናገርም። አባቷ ደነገጡ። አያ ተገኘ ግን እውነቷን ነው፣ ይጨመርበት አሉ። ከዚያም ከዚያ በፊት ሽማግሌ ሲያደርገው ያላየሁትን አደረጉ፤ አባቷን ትተው ራሷን ልጃችንን ትፈልጊዋለሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

ትፈልገዋለች።

ልጁ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ሮጬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለማካካስ።

በማግሥቱ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ታሪኩን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ፎቶዋን በገዛ እጁ አውርዶ፣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እኔ እኮ የጠየቅኩህ ሄደህ እንድትጠይቃቸው ነበር አለኝ።

ሰርጋቸውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በውሉ መሠረት እያንዳንዱን ፎቶ ሙሽራይቱን እየጠየቅኩ። ግማሹን እንቢ አለችኝ!

ይኸው አሁን ኮሜንት ላይ "ፎቶውን ለጥፈውና እንየው" ልትሉኝ ነው፤ አውቃችኋለሁ። ዛሬ ጠዋት አሽቀሎን ደወልኩላት። የልጅ ልጅ አይታለች፣ ባሏም ደህና ነው። ይህን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩላት፤ እየሳቀች ፈቀደችልኝ። እፎይ ብዬ፣ ፎቶውንስ ልለጥፈው አልኳት።

ስንት ሰው ያየዋል አለችኝ። ሦስት ሺህ ተከታይ አለኝ አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

"እንግዲያ አይሆንም" አለች። "ደግሞ ትናንት የለጠፍከውን የጎረቤትህን ልጅ ልደት አየሁት። እናትየዋን ጠየቅሃት?"

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንድ ፎቶ አውርጄ ልምጣ። እናትየዋ እስካሁን ላይክ አላደረገችም፤ አላየችውም ማለት ነው፣ አይደል?