አፍ ያልፈታችው የዶክተሩ ልጅ

[ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ። «ሰው ቋንቋን እንዴት ይለምዳል?» የሚል ሸራ ተሰቅሏል። ወንበሮቹ ገና ባዶ ናቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥናት የሚያቀርበው ዶክተር መድረኩ ላይ ይንጎራደዳል። ሁሉም «ጋሽ ማይክ» የሚሉት የአዳራሹ የድምፅ ሠራተኛ ማይክራፎን ይሞክራል።]

ዶክተሩ፦ በቃ! «አሎ፣ አሎ፣ አንድ፣ ሁለት» እያሉ ጆሮዬን አደነቆሩት እኮ!

ጋሽ ማይክ፦ ምን ልበል ታዲያ?

ዶክተሩ፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር! ባለቤት፣ ተሳቢና ግስ ያለው። ይህ የቋንቋ ጉባኤ ነው።

ጋሽ ማይክ፦ [ወደ ማይኩ ጎንበስ ብሎ] ዶክተሩ ጋሽ ማይክን ነዘነዙት። [ቀና ብሎ] ይሠራል።

ዶክተሩ፦ [ተኮሳትሮ] ለመሆኑ ዛሬ ስለ ምን እንደማቀርብ ያውቃሉ?

ጋሽ ማይክ፦ የነገረኝ የለም።

ዶክተሩ፦ ስለ አፍ መፍቻ!

ጋሽ ማይክ፦ [የመሣሪያ ሳጥኑን እየከፈተ] ቁጥር ስንት? አሥራ ሁለትና አሥራ አራት አለኝ።

ዶክተሩ፦ የብሎን መፍቻ አላልኩም! አፍ መፍቻ ቋንቋ! ሕፃን አፉን የሚፈታበት!

ጋሽ ማይክ፦ እሱማ ያለ መፍቻም ይፈታል። የእኔ አምስቱም ፈትተዋል። መዝጊያው ነው የጠፋኝ።

ዶክተሩ፦ አይቀልዱ! የራሴ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ጋሽ ማይክ፦ [ሳጥኑን ክድን አድርጎ] ውይ፣ የኔ እናት! ሐኪም አየልዎት?

ዶክተሩ፦ እኔ ምንድን ነኝ? ዶክተር አይደለሁም?

ጋሽ ማይክ፦ የጉሮሮ?

ዶክተሩ፦ የሰዋስው!

ጋሽ ማይክ፦ እናቷስ ምን ትላለች?

ዶክተሩ፦ «ከእኔ ጋር ስትለፈልፍ ነው የምትውለው» ትላለች። የእናት ምኞት! እኔ ስገባ ጭጭ ነው። «የጥልቅ ዝምታ ዘመን» ብዬ ሰይሜዋለሁ። እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም!

ጋሽ ማይክ፦ ማስረጃ አለዎት?

ዶክተሩ፦ ሳሎን ውስጥ መቅጃ አስቀምጬ የሃያ ቀን ድምፅ ቀድቻለሁ። ይኸው ፍላሹ። ዝምታውን ለጉባኤው አሰማለሁ።

ጋሽ ማይክ፦ እርስዎ አዳምጠውታል?

ዶክተሩ፦ ዝምታ ምኑ ይደመጣል?

[ጋሽ ማይክ ፍላሹን ይሰካና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋል። ቆይቶ ሳቁ ያመልጠዋል።]

ጋሽ ማይክ፦ ዶክተር፣ ዝምታዎት ወሬኛ ነው።

ዶክተሩ፦ ምን?

ጋሽ ማይክ፦ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ይስሙት።

[ድምፁን ይከፍተዋል። በር ሲከፈት፣ የሕፃን እግር ሲሮጥ ይሰማል።]

የልጅ ድምፅ፦ አባዬ መጣች! አባዬ መጣች!

የዶክተሩ ድምፅ፦ ስህተት! አባዬ ወንድ ነው። «መጣ» ይባላል። አስተካክለሽ እስክትይ ድረስ ዝም በይ!

ጋሽ ማይክ፦ [አጥፍቶ] አንዲት ቃል አልወጣትም አላሉኝም?

ዶክተሩ፦ [እየተንተባተበ] እሱ... እሱ እኮ ቃል አይባልም። የተሳሳተ ነው።

ጋሽ ማይክ፦ ሮጣ የመጣችውም በስህተት ነው? እንግዲህ ሃያኛውን ቀን ይስሙ።

የልጅ ድምፅ፦ [በሹክሹክታ] እማዬ፣ አባዬ ሄደ? በሩን ዘጋ? እሺ፣ አሁን እናውራ!

ዶክተሩ፦ [ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ] ግሱን... አስተካከለችው።

ጋሽ ማይክ፦ አባቷንስ ማን ያስተካክልላት?

[ተሰብሳቢዎች መግባት ይጀምራሉ። ዶክተሩ ቤት ይደውላል። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ይከፍታል።]

የልጅ ድምፅ፦ አቤት፣ ማን ልበል?

ዶክተሩ፦ [ድምፁን ጎርነን አድርጎ] አ... አባትሽ አለ?

የልጅ ድምፅ፦ የለም። ስለማላወራው ስለ እኔ ሊያወራ ሄዷል። ምን ልንገርልህ?

[ዶክተሩ ላቡን በጥናቱ ወረቀት ይጠርጋል።]

ዶክተሩ፦ [ለጋሽ ማይክ፣ በቀስታ] አለቀልኝ። አዳራሹ ሞላ እኮ! አሁን ምን ብዬ ልቁም?

ጋሽ ማይክ፦ ማን ይቁሙ አለዎት? [ያልተዘጋውን ስልክ ከእጁ ወስዶ ማይኩ ሥር እያስቀመጠ] እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ እሷ ታቅርብ።