ተረኛ ጀልባ

ድግስ ቤት ገብታችሁ አይታችሁ እንደሆነ፣ ሰው በወጡ አይቀየምም። ወጡ ቢቀጥን «ኑሮው ከብዷል» ብሎ ያልፈዋል። የሚቀየመው በአቀማመጡ ነው፤ በር ሥር ያስቀመጣችሁት ዘመድ እስከ ልጅ ልጁ አይረሳችሁም። ቄሶቹን ወዴት፣ ሽማግሌውን ወዴት፣ አማቹን ወዴት እንደሚያስቀምጥ የማያውቅ ደጋሽ ሰንጋ ቢጥልም ደገሰ አይባልም። ይኸ ጣጣ በስልክ ውስጥም እንዳለ ግን ማን ነግሮኝ!

እንጀራዬ የስልክ አፕ መሥራት ነው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ሰው ወደ ዘጌ የሚያመላልሱ ባለጀልባዎች ማኅበር አላቸው፤ ተሳፋሪ ከቤቱ ሆኖ ጀልባ የሚይዝበት አፕ ሥሪልን አሉኝ። እስከዚያ ድረስ የሚተዳደሩት ወደቡ ላይ በተሰቀለች ጥቁር ሰሌዳ ነበር። የተረኛው ስም በጠመኔ ይጻፍባታል፣ የመጣው ተሳፋሪ በእሱ ይሄዳል፣ አለቀ። ሰሌዳዋን አይቼ ፈገግ አልሁ። ንቀት ነበር፤ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ።

መጀመሪያ ጀልባዎቹን ከላይ ወደ ታች በዝርዝር ደረደርሁ፤ ጠብ እንዳይነሣ ብዬ በፊደል ተራ። በሳምንቱ «ጣና» የነበረችው ጀልባ ቀለም ተቀብታ «ሀሌሉያ» ሆነች። በማግሥቱ «ወለላ» ተነሥታ «ሀገሬ» ተባለች። ሦስተኛው ባለጀልባ ደግሞ «ሀ» ብሎ ብቻ ጻፈና ዐረፈው!

ዝርዝሩን ተውሁና የጀልባዎቹን ፎቶ በየሳጥኑ ጎን ለጎን አደረግሁ። ቦታቸው በየጊዜው ስለሚቀያየር ላይና ታች የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ሲያምር! ለሙከራ ሁለት ሳምንት ለቀቅነው። ሰው ሁሉ ጥላ ያላትን፣ ባለ ሁለት ሞተሯን ጀልባ ብቻ ይነካ ጀመር።

አያ ምናሉ የሚባሉ ሽማግሌ ባለጀልባ አሉ። ሐይቁን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል፤ ጀልባቸው ግን ቀለሟ የተላጠ፣ ሞተሯ የምታስል ናት። በሁለቱ ሳምንት የእሳቸውን ፎቶ የነካ አንድ ሰው አልነበረም። ቢሮዬ ድረስ መጥተው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

«አንች ልጅ፣» አሉኝ፣ «ያች ሰሌዳ መልኬን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ተራህ ነው ትለኛለች፣ እሄዳለሁ። እንግዲህ ጀልባዋን ልሸጣት ነው።»

«የለም አባቴ፣ አይሽጧት! አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ።»

እንዴት እንዳፈርሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ዝርዝሩም ፎቶውም ጠፋ። አሁን አፑ ሲከፈት የሚታየው አንድ ጀልባ ነው፤ የተረኛው። ከሥሩ «እሳፈራለሁ» የሚል አንድ ቁልፍ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ማኅበሩ ወደደው፣ አያ ምናሉም ጀልባቸውን መሸጡን ትተው መረቁኝ። ሦስት ወር ለፍቼ ያችኑ ጥቁር ሰሌዳ መሥራቴን ያስተዋለ ሰው ካለ፣ በጨዋነቱ ዝም ብሎኛል።

ባለፈው ቅዳሜ የባሌ የሥራ አለቃ ከነሚስቱ ከአዲስ አበባ መጣ። ዘጌን ዐይቶ ከሰዓት በአውሮፕላን ሊመለስ ነው። «ፈጣን ጀልባ ያዥ» አለኝ ባሌ በሹክሹክታ። አፑን ከፈትሁ። አያ ምናሉ! ስክሪኑን ወደ ጎን ገፋሁት፣ ወደ ላይ ሳብሁት፣ ጥጉን ሁሉ ነካካሁት። ሌላ ጀልባ የሚመረጥበትን ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ ያውም አጥርቼ ነው ያጠፋሁት።

ተሳፈርን። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፣ ሞተሯ ታስላለች፣ ባለ ጥላዋ ጀልባ ወደቡ ላይ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። እኩል መንገድ ላይ አለቃው ሰዓቱን አየና «ሌላ ጀልባ መምረጥ አይቻልም ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«አፑ አይፈቅድም» አልሁ። «ማን እንደሠራው እንጃ!»

ባሌ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። አያ ምናሉ ከኋላ፣ መሪውን እንደያዙ፣ «እኔ አውቃታለሁ» አሉ፤ «እግዜር ይስጣት።»