ይሉኝታ ያጠቃት መኪና

እኛ ሰው ቤት ሄደን እስክንጠግብ መብላት አንችልበትም። እየራበን «በቃኝ» እንላለን፤ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፤ በእጃችን ሳህኑን እንጋርዳለን፤ እሱ በጣቶቻችን መሃል ወጡን ይጨምራል። ሕጉን ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ተርቦ አይመለስም። ችግር የሚመጣው ሕጉን ለማያውቅ ፍጡር ያዋልነው ለታ ነው። እኔ ለመኪናዬ አዋልኩት።

መኪናዬ የኤሌክትሪክ ናት። መግዛቴ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምኖረው ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር፣ ቤዝመንት ተከራይቼ ሲሆን መኪና ማቆሚያዬ ጋ ሶኬት የለም። «ታዲያ የት ትሞላታለህ?» ትሉኝ ይሆናል። መሙያ ጣቢያ መኖሩንማ አውቃለሁ፤ ግን ዘመድ እያለው ሆቴል የሚበላ ማን ነው? ካልጋሪ ያለ አበሻ እንግዳውን «ቁጭ በል» ከማለቱ በፊት «መኪናህን ሰካት እንጂ!» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እኔም እንደ ወጉ እምቢ፣ እምቢ ብዬ እሰካታለሁ። ትንሽ ቆይቶ ግን ይሉኝታ ይይዘኛል። «በቃት፣ በቃት» እያልኩ ወጥቼ እነቅላለሁ። አንዱ ቤት ቅምሻ፣ ሌላው ቤት ጉርሻ። ባትሪን ከሰማንያ በመቶ በላይ መሙላት ደግ አይደለም ሲባል ደግሞ ሰምቻለሁ፤ ይሉኝታዬ ሳይንስ ተጨመረላት ማለት ነው። ክረምቱን በዚህ ኩራት ገፋሁት።

የወንድሜ ልጅ ዳዊት፣ ሰላም የምትባል ልጅ የወደደው በዚሁ ክረምት ነው። ሰላም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ኢንጂነር ናት። አባቷ ጋሽ ታደሰ ግን ሽማግሌ በመመለስ የታወቁ ሰው ናቸው። የታላቅ እህቷን ጠያቂዎች «እስቲ ቆይታችሁ ተመለሱ» ብለው ቢሸኟቸው፣ ሰዎቹ በዚያው ቀሩ። ዳዊት ይህን ስለሚያውቅ እንቅልፍ አጣ።

«ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ኖ ካሉ እኮ አለቀልኝ» አለኝ።

«ለእኔ ተወው» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ በቀለንና ጋሽ ወርቁን፣ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ ነጭ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ጭኜ ጋሽ ታደሰ ወደሚኖሩበት ሳቫና ሰፈር ነዳሁ። መኪናዋ ሃያ በመቶ ትላለች። ሳቫና ደግሞ ጎረቤት ማለት ነው። የጋሽ ታደሰ ቤት በር እየታየን፣ ሃያ ያለችው ዜሮ አለችና ቆመች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ!

ገፋናት። እኔ መሪ ይዤ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በረዶው ላይ እየተንሸራተቱ።

«ሽማግሌ በአፉ ነበር የሚላከው» አሉ ጋሽ በቀለ እያለከለኩ፣ «በትከሻው መላክ መቼ ተጀመረ?»

ጋሽ ታደሰ በረንዳቸው ላይ ቆመው ሁሉንም ያያሉ። ደጃፋቸው ስንደርስ፣ «ሶኬቱ ጋራዥ ውስጥ ነው» አሉ።

ጉድ ፈላ! ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይመለስለት አይቀመጥም፣ ውሃም አይቀምስም። መልስ ሳናገኝ የሰውየውን መብራት ልንቀምስ ነው? ጋሽ ወርቁ አሰብ አደረጉና፣ «መኪናዋ ሽማግሌ አይደለችም፤ ትብላ» ብለው ፈረዱ።

ሰክተናት ገብተን ቆምን፤ ዳዊትን ለልጅነት ስጡን ብለን ጠየቅን። ይሄኔ በደንቡ ጓዳ መደበቅ የነበረባት ሰላም ከጋራዥ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ ይሄ ባትሪ ፉል ሆኖ ያውቃል?»

«ይሉኝታ አለ እኮ ልጄ፤ ደግሞም ሰማንያ ይበቃዋል ሲባል...»

«እሱ ለሌላ ዓይነት ባትሪ ነው፤ የእርስዎ ዓይነቱ አይደለም። ውስጡ ብዙ ሴሎች ናቸው፤ ፉል ሲሆን ነው ባላንስ የሚያደርጉት፣ እኩል የሚሆኑት። ሁልጊዜ ሃፍዌይ ከነቀሉት አንዱ ደካማ ሆኖ ወደኋላ ይቀራል። ቻርጁን የሚያሳየው ጌጁም ይሳሳታል። ያ አንዱ ሲያልቅበት፣ ሌሎቹ ቢኖራቸውም መኪናዋ ትቆማለች። አሁን እስከ መቶ መሞላት አለባት።»

«መቼ ትደርሳለች?»

«በዚህ ሶኬት? ሰኞ።»

ለዳዊት አፈርኩለት። የሰው ልጅ ልጠይቅ መጥቼ መኪናዬን የማላበላ ሰው መሆኔ ተገለጠ። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ሽማግሌ የምመልሰው ክፉ ሆኜ አይደለም» አሉ። «አንዴ 'ተመለሱ' ሲባል የሚቀር ሰው፣ ነገ ልጄንም በግማሽ መንገድ ይተዋታል ብዬ ነው።» ወደ ጋራዡ አዩ። «እናንተ ግን ገፍታችሁ መጣችሁ። በሉ ተቀመጡ።»

ለሽማግሌ «ተቀመጡ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ጋሽ በቀለ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔም ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። የገፋነው ሌላ መሄጃ ስላልነበረን መሆኑን አልተናገርኩም፤ ሽማግሌ ያወቀውን ሁሉ አይዘረግፍም።

ሰርጉ አለፈ። አሁን እነ ዳዊት ስካይቪው ራንች ሰፈር ጋራዥ ያለው ቤት አላቸው። እኔ ግን የሙሽራ ቤት ሄጄ መኪና አልሰካም፤ እሱማ የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ ሰላም ራሷ ትመጣለች። ልጅ አመጣን ስንል መኪናዬን በየጊዜው ወስዳ እስከ መቶ የምትሞላ አለቃ አመጣን። በሬ ላይ ቆማ እጇን ስትዘረጋ፣ «ኧረ ተይ ልጄ፣ በቃት» እላታለሁ፤ ቁልፉን እየሰጠኋት።