የመስታወቱ በረንዳ

ሰው ለሚወደው ሰው አንድ ነገር ላድርግ ብሎ ሲነሳ ልኩን የሚወስደው ከራሱ ላይ ነው። እርስዎም በራስዎ ልክ ያሰፉትን ፍቅር ለሰው አልብሰው ያውቁ ይሆናል፤ አልጠይቅዎትም። እኔ የማወራው ስለ አከራዬ ነው።

በመምህርነት ቦንጋ ስመደብ የተከራየሁት ከአቶ አሸናፊ ግቢ ነበር። አሸናፊ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የግምገማ አንበሳ፣ ለእናቱ ግን የሚሳሳ ልጅ ነው። እናቱ እማማ አልማዝ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ፣ አሮጌ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በድምፁና በአረማመዱ ይለያሉ። "አንቺ፣ ያ ሳል እስካሁን አለቀቀሽም?" ይላሉ። የተጠራችው ትቆማለች፤ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ ታወራለች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ያልሰማውን እማማ ቀድመው ይሰሙ ነበር።

ታዲያ አሸናፊ ለልምድ ልውውጥ ወደ ትልቅ ከተማ ተላከ። ምን ሊለዋወጥ እንደሄደ ዛሬም አላውቅም። ይዞት የመጣው ምርጥ ተሞክሮ ግን ካረፈበት ሆቴል ነበር፦ እንደ አትክልት ቦታ የተሸለመ፣ ፀሐይ የሚሞቁበት የመስታወት ክፍል።

"ከእንግዲህ እናቴን ዝናብ አይነካትም" አለ። በረንዳው ከዳር እስከ ዳር በማይከፈት መስታወት ታሸገ። የቀርከሃ ወንበሮች ገቡ፤ አበባ የታተመባቸው ትራሶች፣ በግድግዳው ላይ የፕላስቲክ ሐረግ፣ ጥግ ላይ ውሃ የማይጠይቅ ቄጠማ። ከመስታወቱ ማዶ የእግዜሩ ደን ቆሞ ያያል። በርጩማው ከዕቃው ጋር አይሄድም ተብሎ ጓሮ ተጣለ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እየመጡ አደነቁ። "እማማ፣ ገነት ገብተዋል እኮ!"

"ይመስገን" አሉ እማማ። ያ ሁሉ ጌጥ ለዓይን መሆኑ ለአንዳቸውም አልታያቸውም። ዓይን ያላቸው እነሱ ናቸው።

ድምፅ በመስታወቱ አያልፍም። መንገደኛው መጀመሪያ ሰሞን እጁን እያወዛወዘ አለፈ፤ እማማ እጅ አያዩም። ሰላምታው መልስ ሲያጣ "ልጃቸው ቢሾም ኮሩ" ተባለና እጁም ቀረ።

አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ብገባ እጄን ጨበጥ አድርገው ያዙኝ።

"መምህር፣ እስቲ አትደብቀኝ። ሰዉ አለቀ እንዴ?"

ሮጬ ለአሸናፊ ነገርኩት። "እናትህ ሰው ናፍቋቸዋል፤ አንዷን መስታወት እንኳ አውልቃት" አልኩት። ሐሳቤን "እንደ ግብዓት" ተቀበለኝ። ብዙም ሳይቆይ ጠርቶ አሳየኝ፤ በባትሪ የምትሠራ፣ ፊት ለፊቷ አንዳች ነገር ሲንቀሳቀስ የምትዘምር የፕላስቲክ ወፍ ከእናቱ ወንበር ትይዩ ሰቅሏል።

"ልክ ነበርክ" አለኝ፤ "ድምፅ ጎድሎት ነበር።"

አሁን ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። እማማ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ወፏ ትዘምራለች። ፊታቸው ይበራና፣ ከከንፈራቸው እንደማነበው፣ "ማነው? ግባ፣ ግባ" እያሉ ወደ ድምፁ ዞር ይላሉ። እሳቸው ሲዞሩ ወፏ እንደገና ትዘምራለች።